ወረፋ ላይ ስለቆመው ግጥሜ

ይድረስ ለከተማችን የቤት ኢንተርኔት ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ለክቡር ሴኞር ኤቫልዶ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እኔ በእርስዎ ቸርነት ከመዘግየቴ በስተቀር ደህና መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ። ስሜ ኦዚያስ ይባላል፤ በዚህ በፓራይባ ደረቅ ምድር ጊታር መሳይ ቪዮላዬን እየመታሁ፣ ግጥም በቃሌ እየፈጠርኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዘንድሮ ለሰኔው የሳኦ ዥዋኦ በዓል መድረክ እኛ ገጣሚዎች የምንመረጠው ከየቤታችን በኢንተርኔት በግጥም እየተጋጠምን፣ ተመልካች ድምፅ እየሰጠን ስለሆነ ዕጣዬ በእጅዎ ወድቋል።

አንደኛ፦ በወጋችን መሠረት አበልጄና ባላጋራዬ ዱርቫል ስንኙን በዘጋበት ቤት መምቻ እኔ መጀመር አለብኝ፤ ዝም ያለ ተሸነፈ። መስመርዎ ሁልጊዜ እኩል ቢዘገይ ኖሮ ቪዮላዬን ትንሽ አስረዝሜ እየመታሁ ክፍተቱን እሸፍነው ነበር። እርስዎ ግን አንዱን ስንኝ በዐይን ጥቅሻ ያደርሱና ለተከታዩ ጎረቤት ቤት አምሽቶ እንዲመጣ ይፈቅዱለታል። ስለዚህ አንዴ ዱርቫል ሳይጨርስ ገብቼ ባለጌ እባላለሁ፤ አንዴ ደግሞ ተመልካቹ «ሽማግሌው አለቀለት፣ ቪዮላውን ሰቅሎ ይተኛ» ብሎ ይጽፍብኛል።

ሁለተኛ፦ ስለላኩልኝ ትሑት ባለሙያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ረፋድ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሥራ በዋለበት ሰዓት መጥቶ ለካና «አባባ፣ ፍጥነቱ ሙሉ ነው፤ ምናልባት የዘገዩት እርስዎ ይሆናሉ» ብሎኝ ሄደ። መንገዱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ነገረኝ እንጂ መልእክተኛው መቼ እንደሚደርስ አላየም።

ልጄ ማርሊ ይህን ሰምታ መርሳት ጀምሮታል ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። አልደብቅዎትም፣ ፈራሁ፤ ስንኝ ካጣሁ ሌላ ምን አለኝ? ሐኪሟ የጠየቀችኝን ሁሉ በግጥም መለስኩላት፤ ስቃ ሸኘችን። በማግስቱ ከዱርቫል ጋር ገበያው ጥላ ሥር ፊት ለፊት ስንጋጠም አንድም ቤት አላመለጠኝም።

ሦስተኛ፦ በኋላ እንደደረስንበት፣ ማርሊ የምትሸጣቸውን ቀሚሶች ቪዲዮ በላከች ቁጥር ድምፄ በሰጡን የኢንተርኔት ሣጥን ውስጥ ከቀሚሶቹ ኋላ ይሰለፋል፤ ስታቆም ይፈጥናል። ጎረቤት ከሥራ ገብቶ የጋራውን መስመር ሲጠቀምም ያው ነው። ለቢሮዎ ብናመለክት «ትልቁን ጥቅል ግዙ» ተባልን፤ መንገድ የሚያሰፋ እንጂ ወረፋ የሚያስተካክል ሰው እንደሌለዎት ተረድተን አዘንልዎ።

የፊታችን እሑድ ከዱርቫል ጋር የመጨረሻው ማጣሪያ ነው፤ ያሸነፈ መድረኩን ይወስዳል። ማርሊን ቪዲዮ እንዳትልክ ለምኛታለሁ፤ ሰፈሩን ሁሉ ግን መለመን አልችልም። ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ በሚደርስዎ ጥልቅ አክብሮት፣
ምንጊዜም በመስመርዎ ላይ የምጠብቅ ደንበኛዎ ኦዚያስ

ማሳሰቢያ፦ የበዓሉን ሽልማት የሚሰጡት እርስዎ እንደሆኑና ከፊት እንደሚቀመጡ ሰምቻለሁ። ካሸነፍኩ መድረኩ ላይ ግጥሜን በእርስዎ እጀምራለሁ። ከተሸነፍኩ ደግሞ ዱርቫል የመጀመሪያ ስንኙን በስምዎ ዘግቶ ከሕዝቡ መሀል ቆሜ የምሰጠውን መልስ ሊጠብቅ ቃል ገብቶልኛል፤ ወጋችን ነውና ከዚያው መቀጠል ግዴታዬ ነው። ከአፌ እስከ ጆሮዎ የሚያዘገይ ገመድ የለም።