በአፍንጫ የመረጥኩት ወይን

ረቡዕ፣ መጋቢት ፱። ፒኜቶ

ዛሬ ፓኦላን ረታኋት። የምሠራበት ወይን ቤት ጣሊያናዊት ባለቤት እሷ ናት፤ ለሙቀቱ ወራት የሚሆነውን ነጭ ወይን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ፋሲካ ወይን ወደ አፌ አላስገባም፤ ተጉመጥምጬ መትፋትም የለም። እንደ ሁልጊዜው በአፍንጫዬ ብቻ ነው የምሠራው። እሷም እንደ ሁልጊዜው ትጨነቃለች።

ጠዋት ሁለት ጠርሙስ ከፈተች። አንዱ ከሞቃት አገር የመጣ ነው፤ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ሌላው ከቺሊ ነው፤ ጉምና ቀዝቃዛ ነፋስ ከማይለየው የባሕር ዳርቻ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የሎሚ ልጣጭና በማዕበል የራሰ ድንጋይ ሸተተኝ።

«የምንገዛው ይኼን ነው» አልኳት።

«ሳትቀምሺው? አሎራ፣ እንግዲያው እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ይኮመጥጣል!»

«ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ቅመሺውና እናወራለን።»

ምሳ ላይ ዓሣ ጠብሳ ሁለቱንም ሞከረች። ባለማንጎው ከዘይቱ ጋር አፏ ውስጥ ከበዳት። የእኔን ግን ጠጥታ ደገመች። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» ብላ ወዲያው ለአስመጪው ደወለች። ከዚያ በኋላ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ከሥራ ወጥቼ ትራም ስጠብቅ ለአክስቴ ለእትዬ አልማዝ ደወልኩላቸው። ጾሜን ሳልሽር፣ ጠብታ እንኳ ሳልቀምስ እንዴት እንዳሸነፍኩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና፦

«ስታሸቺውስ፣ ደስ አለሽ?» አሉኝ።

ትራሙ መጣ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። አልመጣም ነበር።