ከለቅሶህ በኋላ የመጣው ፓፒረስ

ለወንድሜ ለሚልኬሳ፣
ካይሮ

አካም ጂርታ ወንድሜ? ደህና ነህ ወይ? ሰውነትህስ፣ ዓይንህስ፣ እጅህስ ጤና ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። «ነፍሱን ይማር» ስለው ለኖርኩት ሰው «እንዴት ነህ» ብዬ መጻፍ እንግዳ ሆኖብኛል።

አብሮህ የተሰደደው የጫንጮው ዲሪርሳ ተመልሶ መጥቶ ጀልባችሁ እንደሰጠመች፣ አንተንም ውሃው ሲወስድህ በዓይኑ እንዳየ ነገረን። አመንነው። ድንኳን ተክለን አለቀስንህ።

እኔ አሁን የምሠራው ቡራዩ፣ ኦቦ ኩምሳ የሚባሉ ሰው ፍሬም ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ማሪቱ የምትባል ሴት ከካይሮ ለእረፍት መጥታ፣ ሰበታ ባለው የወላጆቿ ቤት የሚሰቀል ሥዕል ጠቅልላ አመጣችልን። ፓፒረስ በሚሉት የግብፅ የቄጠማ ወረቀት ላይ የተሳለ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ሲነኩት እንደ ደረቅ የበቆሎ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ኦቦ ኩምሳ «ይሄ እንደ ፎቶ በሙጫ አይለጠፍም። እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ አጥብቀሽ ከያዝሽው ይሰነጠቃል» አሉኝ። እርጥብ ጨርቅ ከጎኑ አድርገን በላስቲክ ሸፈንነውና እስኪለሰልስ ጠበቅን። ከዚያ ቀስ እያልኩ መዘርጋት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ቀንዷ ወደ ዓይኗ የታጠፈ ላም ወጣች። የእኛን ላም ትመስላለች ብዬ ፈገግ አልኩ። ትንሽ ስገልጠው የአጥር በር መጣ፤ አባታችን ከተጣለ ላንድሮቨር ነቅሎ ያቆመው ሰማያዊ በር። ሱሉልታ ውስጥ እንዲህ ያለ በር የእኛ ግቢ ብቻ ነው ያለው። ቀጥሎ ላሟን የምታልብ ሴት ወጣች፤ የግራ እጇ አውራ ጣት ግማሽ ነው። አዮ ናት፣ እናታችን። ማጭድ የቆረጠባትን ጣት የማያውቃት ሰው ከየት አምጥቶ ይስለዋል? ደንግጬ ስለቀው ጠርዙ ቀጭ አለ፤ ኦቦ ኩምሳ ደርሰው ያዙልኝ።

ማሪቱን ደውለን አስመጣናት። «ይሄን የሳለው ሰው ሞቷል» አልኳት። «ኧረ ምን ማለትሽ ነው? ከራሱ እጅ ነው የገዛሁት። በግራው ነው የሚስል፣ ብዙ አያወራም፣ የሱሉልታ ልጅ ነኝ ብሎኛል» አለችኝ። ግራኝነትህን ስሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አዮን ምንም ሳንነግራት ከሱሉልታ በሚኒባስ አመጣናት። እስከዚያ ሥዕሉን ጨርቅ በለበሰ ካርቶን ላይ፣ የላይኛውን ጠርዝ ብቻ በስስ ወረቀትና በስንዴ ዱቄት ሙጫ ይዘን አንጠልጥለነዋል፤ መስታወቱ እንዳይነካውም ዙሪያውን ቀጭን ጣውላ አድርገንለታል። አዮ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ጣቷን አነሳችና ከሥዕሉ ጣት ጋር አስተያየችው። ከዚያ «ላሟን በዚህ በኩል ሆኜ አልቤያት አላውቅም፤ ልጄ ረስቶታል» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ለምን ዝም እንዳልክ አሁን አልጠይቅህም። ግን ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ሥራ ላይ ሆኜ ድንገት «ማሪቱ ያየችው ሌላ ሰው ቢሆንስ?» እላለሁ፤ ደግሞ ሄጄ ያንን በር አየዋለሁ። ሥዕሉን ነገ ሰበታ ይወስዱታል። ማሪቱ አዮ ባሰኛት ጊዜ ሁሉ መጥታ እንድታየው ለቤተሰቧ ተናግራለች፤ ይህንንም ደብዳቤ ስትመለስ የምታደርስልህ እሷ ናት።

እህታችን ላሊሴና ባሏ ጂሬኛ እጅግ ናፍቀንሃል ይላሉ። ጎረቤታችን ጥሩዬ ወሬውን ስትሰማ እልል ብላ ሰፈሩን ሁሉ ከየቤቱ አስወጥታዋለች፤ እሷም ሰላም ብላሃለች። ኦቦ ኩምሳ ሳያውቁህ እጅህን አክብረው ሰላምታ ልከዋል።

አዮ ግን ሰላም በይልኝ አላለችም። ለቅሶህን ከተቀመጥን ጀምሮ የለበሰችውን ጥቁር እናውልቅልሽ ብንላት «ድምፁን ሳልሰማ አላወልቅም» አለች። ስልኬን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ደውልላት።

እህትህ ዱርሲቱ
ቡራዩ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.