ዓይኔ ታሽጎ ሳለ ያሳለፍኳቸው ስምንት አውሮፕላኖች

ለተከበሩ የአውሮፕላን ማምረቻ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳላይና ሳልነካ ስምንት አውሮፕላን ለማሳለፍ ስለበቃሁበት ልዩ ችሎታ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ሟቾቹ የተሰማዎትን ጥልቅ ሐዘን ሲገልጹ ድምፅዎ ትንሽ ሻከር ብሎብኝ ነበርና፣ ጉንፋን ከሆነ ፈጥኖ ይልቀቅዎ፤ ሌላ ነገር ከሆነ ግን እባክዎ አይልቀቅዎ።

እኔ የጅራት ክፍል የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ስሜን ላያውቁት ይችላሉ፤ ቁጥሬን ግን በመግለጫዎ ላይ ሦስት ጊዜ ጠርተውታል፤ ስድሳ ሰባት ነኝ። አንድ መቶ አርባ ሁለት ሰው ይዞ የወደቀው አውሮፕላን የጅራቱ ብሎኖች እንዳይላሉ የሚይዛቸው ማገጃ ፒን ሳይገባላቸው ከፋብሪካ መውጣታቸውን፣ ይህንንም “በአንድ ሠራተኛ የግል ቸልተኝነት” ያሳለፈው የማኅተም ቁጥር ስድሳ ሰባት ባለቤት መሆኑን ለዓለም ያበሰሩት እርስዎ ነዎት። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ ይህን ያህል ታውቄ ስለማላውቅ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማኅተሙ። ሥራችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ላስረዳ፤ እያንዳንዱ ተቆጣጣሪ የራሱ ቁጥር ያለባት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማኅተም አለችው። በክር አንገታችን ላይ እናንጠለጥላታለን፤ ለሚስት እንኳ አትሰጥም። የጅራቱ ብሎኖች ዓይን በማይደርስበት ከብረቱ ጀርባ ስለተቀመጡ፣ እጃችንን በጠባብ ቀዳዳ እስከ ክንዳችን አስገብተን ፒኖቹን አንድ በአንድ በጣታችን እንዳስሳለን፤ ከዚያ ቅጹ ላይ እናትማለን። በእኛ ዘንድ ማኅተም “አየሁት” ማለት አይደለም፤ “ነካሁት” ማለት ነው። ሕመም ወይም ፈቃድ ሲገጥመን ደግሞ ማኅተማችንን ፖስታ ውስጥ ከተን፣ አሽገን፣ ማሸጊያው ላይ ፈርመን ለፈረቃ ኃላፊው እናስረክባለን። ይህን ግሩም ደንብ ያወጣው መሥሪያ ቤትዎ ነውና እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ዓይኔ። ከስምንት ወር በፊት የቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ ከተቀደደ ቱቦ ወጥቶ ፊቴ ላይ ተረጨ። ቱቦው እንዲቀየር አራት ጊዜ ጽፌ ነበር፤ ለአራቱም “ማመልከቻዎ ደርሶናል” የሚል መልስ ሳይሰለቹ ስለሰጡኝ ባለውለታዎ ነኝ። አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ፣ ደንብ ነውና፣ ማኅተሜን ከአንገቴ አውልቄ ፖስታውን በዳበሳ አሸግሁ፤ በዳበሳም ፈርሜ እኛ “ቶሎ በሉ” ለምንላቸው የፈረቃ ኃላፊያችን ሰጠሁ። ከዚያ ሁለቱም ዓይኖቼ ታሽገው አሥራ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተኛሁ። በእነዚያ ቀናት ባለቤቴ በማንኪያ ስታጎርሰኝ ግማሹ አገጬ ላይ ይፈስ ነበር፤ ማኅተሜ ግን ስምንት ጅራት አሳለፈች። እኔ ባልነበርኩበት አዳራሽ የእኔን ማኅተም መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይመስለኝ ነበር፤ እናንተ ግን ፈልጋችሁ ስምንት አገኛችሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕግ አማካሪዎ። ይህንኑ ሳስረዳቸው መጀመሪያ ቀኑ በስሕተት የተጻፈ ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። ስምንቱም ቅጽ ላይ ወይ ብዬ ስጠይቅ ቀኑን ተዉትና፣ ፍተሻው የሚከናወነው በጣት እንጂ በዓይን ስላልሆነ የዓይኔ መታሸግ ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ በትዕግሥት አብራሩልኝ። እኚህን ሰው ከየት እንዳገኟቸው አላውቅም። እባክዎ እዚሁ ያቆዩአቸው፤ ሌላ ቦታ ቢሄዱ ሰው ይጎዳሉ።

አራተኛ፣ ስለ ዝውውሬ። ከሕግ አማካሪዎ ጋር በተነጋገርን ማግስት ወደ መሣሪያ ዕቃ ቤት ተዛውሬ መዶሻና መፍቻ እንዳወጣና እንዳስገባ ስለተደረገ አመሰግናለሁ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለውን ተረት በዚህ ዕድሜዬ በተግባር ተማርኩት። “ቶሎ በሉ”ን ግን አልረግማቸውም። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ብቻችንን ስንገናኝ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። “ምን ላድርግ ወንድሜ? አንተ የለህም፣ ምትክ ስጡኝ ብል የሚሰማኝ የለም። ከላይ በየሰዓቱ እየደወሉ በቀን አንድ ጅራት ካልወጣ ወንበሩን ልቀቅ ይሉኛል” አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ክቡር ሆይ፣ በየሰዓቱ የሚደወለው ከየትኛው ፎቅ እንደሆነ እኔ ተራው ሰው ከየት አውቄ።

አምስተኛውን በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። መግለጫዎ በወጣ በሦስተኛው ቀን አንዲት መምህርት ጋዜጣውን ይዘው ቤቴ መጡ። ልጃቸው የመጀመሪያ ሥራዋን ልትጀምር በዚያ አውሮፕላን ተሳፍራ ነበር። ባለቤቴ ወንበር ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም። “ስድሳ ሰባት እርስዎ ነዎት?” አሉኝ። አዎን አልኳቸው። “አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ነክተውት ነበር?” አልነካሁትም አልኩና ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ፣ “ታዲያ ማኅተሙ ሲመለስልዎ ፖስታውን አላዩትም?” ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ጥያቄ የሕግ አማካሪዎም ሆኑ መርማሪዎችዎ አልጠየቁኝም። አላየሁትም። ከሐኪም ቤት ስመለስ የተሰጠኝን ፖስታ፣ ማሸጊያው ላይ ፊርማዬ ይኑር አይኑር ሳልመለከት፣ ቀድጄ ማኅተሜን አንገቴ ላይ አጠለቅሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሥራ ስፈትሽ ኖሬ የራሴን ፖስታ አልፈተሽኩም። ያን ቀን አይቼው ቢሆን ስምንቱም ገና ከግቢያችን አልወጡም ነበር፤ የመምህርቷም ልጅ ዛሬ ሥራዋ ላይ ነበረች። ጥፋቴ ይህ ነው፤ አፍሬበታለሁ፤ እንቅልፍም አሳጥቶኛል። እኔ የድርሻዬን በአደባባይ ተናግሬአለሁና ተራው የእርስዎ ነው።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ እንድፈርምበት ስለላኩልኝ ወረቀት ነው። ብሎኖቹን “በቸልተኝነት ሳልፈትሽ አሳልፌአለሁ” ብዬ ብፈርም በሦስት ወር ውስጥ በክብር ጡረታ እንደምወጣ ተገልጾልኛል። ወረቀቱ ንጹሕ፣ ፊደሉም የተዋበ ነው፤ አልፈርምበትም። ብፈርም ጉዳዩ በእኔ ይዘጋል፤ ከስምንቱ የቀሩት ሰባት አውሮፕላኖች ደግሞ ማንም ሳይነካቸው መብረራቸውን ይቀጥላሉ። እነሱን አስቁሞ መፈተሽ “በሕዝብ ዘንድ አላስፈላጊ ስጋት” እንደሚፈጥር መግለጫዎ ያትታል። የሰው ስጋት ይህን ያህል የሚያሳስብዎ መሆኑ ልቤን ነክቶታል። የጅራቱ ሽፋን የሚከፈተው ግን አሥራ ሁለት ብሎኖች በመፍታት ነው፤ ለአንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ጣት ያለው ሰው ሁሉ ሊያረጋግጠው ይችላል። ሌላ ሰው ከጠፋ እኔው አለሁ፤ ቀንም ሌሊትም ቢሆን እጄን አስገብቼ እነካዋለሁ። የሰባቱን መለያ ቁጥር ለበረራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አስገብቻለሁ፤ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለሚያትመው ጋዜጣም ሰጥቻለሁ።

በሌለሁበት እንድሠራ፣ ባልሠራሁት እንድታወቅ፣ በታወቅሁበትም እንድጠየቅ ላደረጉልኝ ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ስልክዎም ሁልጊዜ የሚነሳ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ አገልጋይ፣
የማኅተም ቁጥር ስድሳ ሰባት
ከመሣሪያ ዕቃ ቤት

ሳልረሳው፦ ባለፈው ማክሰኞ ከቢሮዎ የደወሉት ወይዘሪት የመገጣጠሚያ አዳራሹ ስልክ አልነሳ ስላላቸው ወደ ዕቃ ቤት ደወሉ፤ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ፤ ማንነቴን አልጠየቁኝም። እርስዎ ለስብሰባ የሚሳፈሩበትን አውሮፕላን መለያ ቁጥር አነበቡልኝና “ወንድሜ፣ ይሄ ከነዚያ ከሰባቱ አንዱ ነው እንዴ?” አሉኝ። አዎን፣ ከነዚያው ነው አልኳቸው። “እንኳን ጠየቅኩ! ለነገው በረራ አዛውርላቸዋለሁ” ብለው አመስግነው ዘጉ። ክቡር ሆይ፣ እንኳን በሰላም ገቡ። የለቀቁት መቀመጫ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ አውሮፕላኑ በዚያ ቀን ሙሉ ነበር።