ደቻቱ አሸዋ ላይ የቀረችው ቁስለኛ

ድሬዳዋ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወልደጻድቅ። ቅዱስ ገብርኤል በገባህበት ሁሉ ይግባ፤ የመስኮብ አገር ብርድ አይንካህ። እኔ ከድካም በቀር ደኅና ነኝ። አባትህም ሥራ በዝቶበት ከባቡር ጣቢያው አምሽቶ ነው የሚመጣው።

አንተ የሄድክበትን ትምህርት፣ ቁስለኛ በሄሊኮፕተር ማንሳቱን፣ እዚህም አዲስ ቡድን አቋቁመው ጀምረውታል። ቅዳሜ ለልምምዱ ቁስለኛ የሚሆን ሰው ከቀበሌያችን ጠየቁና እኔንና ጎረቤታችንን ቱሪያን በደረቀው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አስተኙን። «እንዳትናገሩ፣ እንዳትንቀሳቀሱ» አሉን። ፀሐዩ ሲበረታ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ። ከንጋት ጀምሮ ለስኳር ተሰልፌ ነበርና እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ጆሮዬ ስንት የጦር አይሮፕላን ለምዶ፣ የሄሊኮፕተሩ ጩኸት እንኳ አልቀሰቀሰኝም።

ስነቃ ቱሪያን ወስደዋታል፤ እኔ አሸዋ ለብሼ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ለካስ ሠልጣኙ ነጠላዬን አይቶ፣ «ይቺ አልቆላታል፣ ተሸፍናለች፤ እንለፋት» ብሏል። ቱሪያ ይኸው እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። እኔም አብሬያት ስቄ ነበር፤ ቤት ስገባ ግን ዕንባዬ መጣ። ሠልጣኙን አልተቀየምኩትም፤ የአንተ እኩያ ነው፣ እሱም ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

አደራህን ልጄ፣ ሥራ ስትጀምር ዝም ያለውን ሁሉ ሞቷል ብለህ አትለፈው። ጎንበስ ብለህ፣ ሽፋኑን ገልጠህ፣ አንገቱን ዳስስ። እመብርሃን እጅህን ትባርከው። እኔም እስክትመጣ ዝም ካልኩ ደክሞኝ ነውና፣ ገልጠህ እየኝ።

እናትህ አሰገደች