ከፎቶው የወጡት አማት

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ስልኬን ለማታነሺው ባለቤቴ ለዕፀገነት፣

ገኒዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጃችን ሀይሚስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በላይ ማለቴ ነው። ቀኝ እግሬ በጀሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል፤ በዚህ ቤት ከእኔ ይልቅ የሚከበረው እሱ ነው።

አወዳደቄን ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ከእኔ ስሚው። ቦሌ መድኃኔዓለም ሙሽሮች ሳነሳ፣ ጉልላቱ ከሙሽራዋ አናት ላይ የበቀለ መሰለ። ይህን አይቶ ዝም የሚል ፎቶ አንሺ የለም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት፤ ሦስተኛው ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ነበር። ፎቶው ግን በጣም አምሯል።

አሳንሰር ስለሌለን ጀሶው እስኪፈታ እስረኛ ነኝ። ያለኝ አንድ መስኮት ነው፤ እሱም እኩል መሃሉ ላይ የመብራት ምሰሶ ቆሞበታል። አንድ ክንድ ወደ ቀኝ ብጠጋ ምሰሶው ወደ ዳር ይሄድና ሰማዩ ይከፈት ነበር። አንድ ክንድ! ስድስት ሳምንት ሙሉ ምሰሶ ሳይ ልከርም ነው።

የእስር ቤቱ ኃላፊ ደግሞ እናትሽ፣ እማማ ወለተማርያም ናቸው። መውደቄን እንደሰሙ ከሾላ ገበያ ሽንኩርትና ጎመን አሸክመው መጡ፤ የበሩን ቁልፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። አንቺን ሐዋሳ ወንድምሽ ቤት ስላስገባሽ ፎቶ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

የሀይሚን የልደት ፎቶ አሳድጌ ሱቄ መስኮት ላይ ልሰቅል ስል፣ ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለኝና በግራ በኩል የቆሙትን እናትሽን ቆረጥኳቸው። እጃቸው ሀይሚ ትከሻ ላይ መቅረቱን ያወቅኩት፣ አንድ ደንበኛ "ይሄ እጅ የማን ነው?" ሲለኝ ነው። አንቺም "ከእናቴ የተረፈህ እጇ ብቻ ነው?" አልሽኝ። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ ስለ ሚዛን አስረዳሁሽ። ልጅሽን ይዘሽ ወጣሽ።

ማክሰኞ ዕለት እማማ መስኮቱን ከልለው ሽንኩርት ሲከትፉ፣ "እባክዎ፣ ትንሽ ወደ ግራ ቢሉልኝ" አልኳቸው።

ቢላዋቸውን ሳያቆሙ፣ "አሁንም ልታወጣኝ ነው?" አሉ።

ገኒ፣ ሰው እግሩ በጀሶ ታስሮ ይህን ሲሰማ ወዴት ይሸሻል?

"ጥፋቴ ነው እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔን ተወኝ። ይልቅ ስልክህን አምጣ፤ እንዴት እንደሆንክ ትይህ" አሉና ፎቶ አነሱኝ።

ከደብዳቤው ጋር ጎረቤታችን ተስፉ የሚሰጥሽ ፎቶ እሱ ነው። እኔን ከታች ጥግ ላይ ጣሉኝ፤ ግማሽ ራሴ የለም። የቀረውን ሁሉ የአልጋው ባዶ ወገን ሞላው።

"እማማ፣ ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ ምን ያደርጋል?"

"ሰው ያለው ቦታ ነው" አሉኝ።

በሙያዬ ከሆነ ይህ ፎቶ የተማሪ ስህተት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳየው ከረምኩ። ምኑንም ሳልነካ ልኬዋለሁ።

ሀይሚን ሳሚልኝ። መድኃኔዓለም መንገድሽን ያቅናልሽ። መንገድ ልሂድ አላልሽኝም፤ እንዲያው ልመርቅሽ ብዬ ነው።

ጥጉ ላይ የሚታየው ባልሽ፣
ገረመው