የአሰበ ተፈሪ አየርና የጋሽ ሙሜ ሚዛን

ሰኞ፣ ኅዳር 4
ዛሬም ውጤቱ አልገጠመም። 11ኛ ክፍል፣ ላቦራቶሪ። 0.05 ግራም ማግኒዥየም አሲድ ውስጥ ጨመርን፤ ሃይድሮጅኑን ውሃ ላይ ሰበሰብን። 63 ሚ.ሊ.። ወደ መደበኛ ሙቀትና ግፊት ስቀይረው 57። መሆን ያለበት 46። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ማግኒዥየሙን የሚመዝኑት የላቦራቶሪው ሠራተኛ ጋሽ ሙሜ ናቸው። አብዝተው እየቆረጡ ነው አልኩ፣ ተማሪ ፊት። «ወላሂ ቲቸር፣ ሚዛኑ ያለኝን ነው የቆረጥኩት» አሉ። አላመንኳቸውም። ከሰዓት ለዳይሬክተሩ ጻፍኩ፦ የመንግሥት ንብረት ያባክናሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5፣ 11 ሰዓት
ብቻዬን ገባሁ። ራሴ መዘንኩ። 63። ደገምኩ። 63። ደብተሬ፣ ምን ልበልህ? ይኼ የሙሜ እጅ አይደለም።
የአየር ግፊቱን የማሰላው 760 ብዬ ነው፣ ከመጽሐፉ ወስጄ። የግድግዳው የግፊት መለኪያ፣ ባሮሜትሩ፣ 618 ይላል። ከኔ በፊት የነበረው መምህር «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ለጥፎበታል። አንድም ቀን አልጠረጠርኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9
በእርግጥ ተበላሽቶ እንደሆን ላይ ባሮሜትሩን በፎጣ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ወደ ቆላማዋ አሰቦት ወረድኩ። ኬላ ላይ ሚሊሻው ምንድን ነው አለኝ። የአየር ሚዛን አልኩት። አየር ይመዘናል እንዴ ብሎ ሳቀ። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ መርፌው ይወጣል። 625። 630። አሰቦት 644። ስመለስ ወረደ፤ አሰበ ተፈሪ ያው 618።
ባሮሜትሩ ደህና ነው! ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፤ ግፊቱ ያንሳል፣ ጋዙ ይሰፋል። 618 ሲቀነስ የውሃ ተን ግፊት 20፣ 598። አሰላሁት። 46። ልክ።
ደስታው አፍታም አልቆየም። ደብዳቤው ትዝ አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 10
ጋሽ ሙሜ ቤት ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ደብዳቤዬን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መርቶታል። ሐሙስ ከሥራ አግደዋቸዋል። ሐሙስና ዓርብ ላቦራቶሪ ስላልነበረኝ አልሰማሁም ነበር። ስህተቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። በርጩማ አቀረቡልኝ። ከዚያ፦
«ቲቸር፣ ስሜን ያጠፋኸው ልጆቹ ፊት ነው። ይቅርታህን ግን ቤቴ ይዘህ መጣህ።»


ሰኞ፣ ኅዳር 11፣ ጠዋት 1፡30
አዲስ ደብዳቤ አስገባሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ፊርማ። ዳይሬክተሩ «ተው፤ ኮሚቴው አሁን የሚጠራው አንተን ነው» ይለኛል። ይጥራኝ። ጋሽ ሙሜ ጠርቻቸው መጥተዋል፤ ኮታቸውን ለብሰው ሰሌዳው አጠገብ ቆመዋል። ልጆቹ እየገቡ ነው። ስሌቱን በኋላ አሳያቸዋለሁ። መጀመሪያ ይቅርታውን፣ እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ። ደወሉ ተደወለ።