ስለ ፓስታው ድልድይና በገዛ እጄ ስለሰጠሁት ዜሮ

ለክቡር አቶ ምንዋጋው፣
የባለ ልዩ ተሰጥኦ ተማሪዎች የክረምት ምህንድስና ሥልጠና አስተባባሪ፣
ሰቆጣ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉንፋኑስ? እኔ ሦስት ቀን ደጅዎ ላይ ቆሜ ዝናብ ስለመታኝ ትንሽ ያስነጥሰኛል እንጂ ለደህንነቱስ ደህና ነኝ፤ እርስዎንም ፈጣሪ እንደ ቢሮዎ በር ጠንካራ አድርጎ ያቆይልን። ጉዳዬን በቃል ላስረዳ ብመጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ፣ በማመልከቻ ብመጣም ማመልከቻው ራሱ ስብሰባ የገባ ይመስል ስላልወጣልኝ፣ እነሆ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ድፍረቴን በትሕትና ይቁጠሩልኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ቢምረው ይርዳው እባላለሁ፤ በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በሰፈሬ «ኢንጂነር» እየተባልኩ የምጠራ ሲሆን፣ በእነዚህ ዓመታት ያቆምኩት ግንባታ የእናቴ ዶሮዎች ቆጥ ብቻ ነው። እሱም በሁለተኛው ሳምንት ስለተደረመሰ ዶሮዎቹ ጎረቤት ያድራሉ፤ እናቴም ዲግሪዬን ለእንግዳ ማሳየት ትታለች። እንግዲህ ክቡርነትዎ የዋግን ብሩህ ልጆች የድልድይ ሥራ አስተምር ብለው ለስድስት ሳምንት የቀጠሩት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ምስጋና አንደኛ ብለው ይመዝግቡልኝ።

ሁለተኛው ስለ ፓስታው ነው። ከየት እንደመጣ የማናውቀው የሥልጠና መመሪያ፣ ተማሪዎች በደረቅ ፓስታና በኮላ ትንሽ ድልድይ ሠርተው፣ ባልዲ አንጠልጥለውበት፣ እስኪሰበር ድረስ አሸዋ እንዲጨምሩበት ያዛል። ጽሕፈት ቤትዎም ሌላው ነገር ሁሉ ሲዘገይ ፓስታውን በቀኑ፣ በካርቶን አድርሶልናል። ልጆቹ ከሰሃላ፣ ከፃግብጂና ከዝቋላ ወረዳዎች ብዙ መንገድ በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ ምሳቸውም ሳምንቱን ሙሉ ንፍሮ ነበር። ለሆድ ንፍሮ፣ ለድልድይ ፓስታ የመደበው ሰው ማን እንደሆነ ቢነገረኝ ሄጄ እጁን በሳምኩ።

እኔም ታዛዥ ነኝና ፓስታውን አደልኩ። ተሰባብሮ የወደቀውን እየረገጥኩ በወንበሮቹ መካከል ስንጎራደድ፣ ዓይናዲስ ገብረ ኪዳን የምትባል የዝቋላ ልጅ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ከእግሬ ሥር ለቀመች፤ ስማም በወረቀት ጠቀለለችው። ክቡርነትዎ፣ እርስዎም የዚህ አገር ሰው ነዎት፤ መሬት የወደቀ እህል ስሞ ማንሳትን ከእናትዎ ተምረዋል። እኔም ተምሬ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የረሳሁት። ልጅቱ ብድግ ብላ፣ ጋሼ፣ ይሄ እኮ እህል ነው፣ በእህል መጫወት ነውር ነው፣ ሌላ ነገር ይስጡኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ ትልቁ ሰው፣ መመሪያው ፓስታ ነው የሚለው ብዬ መለስኩላት። ተቀምጣ አጠገቧ ላለችው ልጅ በኽምጣንጋ፣ ሰውዬው ርቦት አያውቅም አለቻት። የእናቴ ቋንቋ መሆኑን በምን ትወቀው? ሰማሁ፣ ገባኝም፤ መመሪያውን ግን ከእጄ አላስቀመጥኩም።

በማግስቱ ዓይናዲስ እህሉ ተወቅቶ ያለቀ የማሽላ አገዳ ሰብስባ፣ በልጥ እያሰረች የራሷን ድልድይ ሠርታ መጣች። የሌሎቹ ፓስታ ሁለት ሦስት ኪሎ ሳይሞላ ቀጭ እያለ ሲሰበር፣ የእሷ ባልዲው አሸዋ ሞልቶ፣ ድንጋይ ተጨምሮበት እንኳ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ የተበጠሰው የባልዲው እጀታ ነው። ልጆቹ እሰይ ብለው አጨበጨቡ፤ እኔም ራሴን ረስቼ አጨበጨብኩ። አገዳውን እያመሳቀሉ ማሰርን ከየት እንዳመጣችው ብጠይቃት፣ አባቷ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቁበትን ማማ ሲያቆሙ አይታ መሆኑን ነገረችኝ። እኔ ያንኑ ማመሳቀል የተማርኩት በአምስት ዓመትና በሁለት ድጋሚ ፈተና ነው።

ከዚያም ቁጭ ብዬ ቅጹን ሞላሁ። ቅጹ «የተሰበረበት ክብደት» ይላል፤ አልተሰበረም። «ከተሰጠው ዕቃ የተሠራ» ይላል፤ የተሠራው ካልተሰጠ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዜሮ ጻፍኩ። ለሚመጣው ክረምት ውሌ እንዲታደስልኝ ስለምፈልግ፣ መመሪያ አክባሪ መምሰል ነበረብኝ። በሕይወቴ ካቆምኩት ነገር ሁሉ እስካሁን ያልተደረመሰው ይህ ዜሮ ብቻ ነው።

ሦስተኛው አቤቱታዬ በማን ላይ እንደሆነ እንግዲህ ይገባዎታል። በጽሑፍ ፈተናው ከአርባ ሁለቱ ተማሪዎች አንደኛ የነበረችው ልጅ በእኔ ዜሮ ወደ ሰባተኛ ወረደች፤ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚላኩት ደግሞ ስድስት ናቸው። ዝርዝሩ የሚላከው የፊታችን ዓርብ ነው። በእነሱ መንደር አቅራቢያ ዘጠነኛ ክፍል ስለሌለ፣ ካልተላከች ትምህርቷ ስምንተኛ ላይ ያበቃል። ስህተቱ የእኔ ነውና ይታረምልኝ ብዬ ብመጣ፣ በመጀመሪያው ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ አንዴ የገባ ውጤት አይወጣም ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን ስህተት መሆኑን ማረጋገጥ የሚችለው መምህሩ ብቻ ነው ተባልኩ። መምህሩ እኮ እኔ ነኝ ስል፣ ተሳስቻለሁ ያለ መምህር ቃሉ አይታመንም የሚል መልስ ተሰጠኝ። ወይ ጉድ! ሙግቱን አደነቅሁ፤ ከዚያም ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን የመታኝን ዝናብ ከላይ ነግሬዎታለሁ።

አራተኛም አምስተኛም ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ይቅር። ክቡርነትዎ፣ ከዚህ በላይ ማሽሟጠጥ አልቻልኩም፤ አፍሬያለሁ። ልጅቱ ትክክል ነበረች፤ ትክክል መሆኗን እያወቅሁ ነው ዜሮ የሰጠኋት። ዜሮው የግድ ባለቤት የሚያስፈልገው ከሆነ በእኔ ስም ያዙሩት፤ ውሌንም ይቅደዱት፣ ከእንግዲህ ለማስተማር አልመጣም። እሷን ግን ከዝርዝሩ ያስገቡልኝ። የሚፈጀው አንድ መስመር ነው፤ እስክሪብቶ ከቸገረ እኔ ይዤ እመጣለሁ።

በትዕግሥትዎ ርዝመት እየተደነቅሁ፣ ከቢሮዎ ደጅ ድንጋይ ላይ ሳልነሳ ይህን የጻፍኩት፣ መመሪያ በማክበሩ ሊሸለም የሚገባው፣ ዶሮ እንኳ ማስጠለል ያቃተው ትሑት አገልጋይዎ፣

ኢንጂነር ቢምረው ይርዳው
ሰቆጣ፣ ነሐሴ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የዓይናዲስ አባት አቶ ገብረ ኪዳን ትናንት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበር፤ እስከ ዓርብ ይታገሱኝ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ታላቋ ጥሩሐረግ ወደ ዓረብ አገር የሄደችው በዚሁ ዕድሜ መሆኑን አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። እሷን የወሰዳት ደላላም ሰሞኑን መንደሩ ብቅ ብሎ ስለ ታናሽቱ ጠይቋል። ክቡርነትዎ ሊቀድሙት ካሰቡ ይፍጠኑ፤ ሰውዬው ቅጽ አያስሞላም፣ ስብሰባም አይገባም፣ ያን ሁሉ ገደል በእግሩ ወርዶ እስከ ደጃፋቸው ይሄዳል። ልጅቱ ጎበዝ መሆኗንም ሳይፈትናት አምኗል።